ጭሱ ለምን ወደ ቤት ይመለሳል?

ጥያቄ፦ በእንጨት የሚሠራ ማሞቂያ ምድጃ አስገጥሜ ነበር። ሳቀጣጥለው ጭሱ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ ከቧንቧው መጋጠሚያም ጥቁር ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ቧንቧው ሁለት ቦታ ታጥፎ በእንጨት ግድግዳ በኩል ይወጣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መጀመሪያ ግድግዳውን ይዩ፤ እስኪስተካከል ድረስም እሳት አያንድዱ። ነጠላ ላሜራ ቧንቧ በእንጨት ግድግዳ ወይም በኮርኒስ ውስጥ ፈጽሞ አያልፍም። ከሚቃጠል ነገር ሁሉ 45 ሴንቲሜትር ይራቅ። ለማሳለፊያው መሃሉ ሙቀት ከላካይ ያለው ድርብ ቧንቧ ይጠቀሙ፤ ክፍተቱን አምራቹ በጻፈው ልክ ይተዉ፣ ምንም አይጠቅጥቁበት።

የሚንጠባጠበው ቅጥራን ነው። እርጥብ እንጨት ሲነድ ወይም ጭሱ መንገድ ላይ ሲቀዘቅዝ ይጠራቀማል። ወደ ውጭ የሚፈሰው ግን ቧንቧዎቹ ተገልብጠው ስለተሰኩ ነው። የጠበበው ጫፍ ቁልቁል ወደ ምድጃው ዞሮ በታችኛው ቧንቧ ውስጥ መግባት አለበት፤ ያኔ ፈሳሹ ወደ እሳቱ ተመልሶ ይቃጠላል። ጭስ እንዳይሾልክ ብለው በተቃራኒው የሚሰኩ አሉ፤ ደህና የሚስብ ቧንቧ ግን አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ ጭስ አያወጣም። እያንዳንዱን መጋጠሚያ በ3 ብሎን ያጥብቁ።

የጭሱ መመለስ በአብዛኛው የቁመት ጉዳይ ነው። ጫፉ ጣሪያውን ከሚያልፍበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም ነገር ደግሞ 60 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። አግድም የሚሄደው ክፍል በየሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ሽቅብ ያዘንብል። ሁለቱ መታጠፊያዎች ይበቃሉ፤ ሦስተኛ አይጨምሩ። ስፋቱም ከምድጃው አንገት አይጥበብ።

ጥላሸቱ 3 ሚሊሜትር ሲደርስ ያስጠርጉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም ይግጠሙ፤ ጋዙ ሽታ የለውም።