የአምናው የቡና ዘር ለምን አልበቀለም?

ወንድሜ፣ «አምና ከጓሮዬ የለቀምኩትን ቡና እንደ በቆሎ ዘር ፀሐይ ላይ አድርቄ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ከዘራሁት ሦስት ወር አልፎታል፣ አንድም አልወጣም፣ አፈሩ ይሆን?» ብለህ ነው የጠየቅከው። አፈሩ አይደለም። ዘሩ ሞቷል። እኔም እዚሁ ጅማ ችግኝ ማፍላት የጀመርኩ ሰሞን ቆርቆሮ ላይ ያሰጣሁት አራት ኪሎ ዘር በዚሁ መንገድ አልቆብኛል። ሁለት መደብ ውኃ ሳጠጣ ከርሜ የበቀለው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ በጣም ነው ያዘንኩት።

በቆሎ፣ ጤፍ፣ ባቄላ በደረቁ ቁጥር ዕድሜያቸው ይረዝማል። የበቆሎ ፍሬ ከቆረቆንዳው ጋር የሚያያዝበትን ጫፍ በጥፍርህ ስትፍቀው ጥቁር ነገር ካየህ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ እርጥበቱን ከ13 በመቶ በታች አውርደህ ነቀዝ በማይገባበት ዝጋበት። እርጥበቱ በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር የመቆያ ጊዜው በግምት እጥፍ ይሆናል። አቮካዶና ማንጎ ግን ከደረቁ አለቀላቸው፣ ፍሬውን በልተህ በዚያው ሰሞን መትከል ነው።

ቡና መሃል ላይ ነው። በፈረንጆቹ 1990 የዘር ተመራማሪዎቹ እነ ኤሊስ የቡናን ዘር አጥንተው ከሁለቱም ወገን የማይገባ ሦስተኛ ዓይነት ነው ያሉት። እርጥበቱ 10 በመቶ አካባቢ እስኪደርስ መድረቁን ይችለዋል፣ ከደረቀ በኋላ ግን ብርድ አይወድም። በቆሎን የሚያቆየው ፍሪጅ ቡናን ይገድለዋል። የአገራችን የቡና ዝርያዎችም እንደ ስንዴና ገብስ በዘር ብቻ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ የማይቀመጡት ለዚህ ነው። እዚሁ ጎማ ወረዳ ጮጬ ላይ በቁማቸው፣ ዛፍ ሆነው ነው የሚጠበቁት።

ዘንድሮ እንዲህ አድርግ። ከጤነኛ እናት ዛፍ በደንብ የቀላውን እሸት ብቻ ልቀም። አረንጓዴ ያለበት ፍሬ ውስጡ ገና አልሞላም፣ ቢበቅልም ችግኙ ደካማ ነው። በእጅህ ጨምቀህ ፈልፍለው፣ ማሽን ዘሩን ይሰነጥቀዋል። ውኃ ውስጥ ስትጨምረው የሚንሳፈፈውን ጣል፣ ሙልጭልጩን እጠብና ጥላ ስር ወንፊት ላይ ሳሳ አድርገህ አስጣው፣ ቶሎ ቶሎ አገላብጠው። ቀጥታ ፀሐይ በፍጹም፣ ቆርቆሮማ አይታሰብም! ከነገለባው በጨርቅ ከረጢት ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ አኑረው፣ ግን አታቆየው። እኔ ኅዳር ላይ የለቀምኩትን ጥር ሳያልቅ መደብ ላይ አደርሰዋለሁ። ገበያ ላይ «የአምና ነው ግን በደንብ ደርቋል» እያሉ የሚሸጡልህን አትግዛ፣ እባክህ።

ከተጠራጠርክ ደግሞ ጥቂት ፍሬ ውኃ ውስጥ አሳድርና ገለባውን ላጠው። ከዚያ በክቡ ጀርባ በኩል ጫፉን በምላጭ ቀስ ብለህ ክፈተው። የሩዝ ስባሪ የምታክል ነገር ታገኛለህ፣ ሽሉ እሱ ነው። ወተት መስሎ ጠንከር ካለ ሕይወት አለው። ቡናማ ሆኖ ከላላ አትድከም።

ያሁኑን መደብ ግን ልቀቀው። እዚህ ቡና ለመብቀል ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል፣ ብርድ ከሆነ ትንሽ ይጨምራል፤ ሦስት ወር አልፎት አንድም ካልወጣ፣ ውኃውን ለሌላ ችግኝ አውለው።