አበልጄ አለቃዬ ነው፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያዬን እንዴት ልጠይቀው?

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በአንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት የዲዛይን ክፍል ኃላፊ ሆኜ እሠራለሁ። ባለቤቱ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሲሆን የወንድ ልጄ የክርስትና አባትም ነው፤ ሥራ ፈትቼ በነበረበት ጊዜ የቀጠረኝም እሱ ነው። የሠርግ ጥሪ ካርድ በሚበዛበት በጥርና ከፋሲካ በኋላ፣ እንዲሁም የዘመን መለወጫ ካላንደር በሚታተምበት በነሐሴ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል መውጣት ሲገባኝ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት አመሻለሁ። የማሽን ሠራተኞቹ ሲያመሹ ይከፈላቸዋል፤ እኔን ግን «አንተማ የቤት ሰው ነህ» ይለኛል። ባልደረቦቼ ደግሞ ወሬ አቀባዩ እየመሰልኳቸው ስገባ ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ። እርግጥ ነው፣ የግል ጉዳይ ሲገጥመኝ ሳላስፈቅድ እወጣለሁ፤ እሱም ምንም አይለኝም። ክፍያውን ብጠይቅ እንዳንቀያየም እፈራለሁ። ሥራውን ብለቅ ይሻላል?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ ከመልቀቅዎ በፊት ይጠይቁት፤ ሳይዘገዩም ይጠይቁት። መቸኮልዎ ተገቢ የሚሆነው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝም ሆነ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ሊከፈል ከሚገባበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ስለሚታገድ ነው። በነሐሴ ያመሹበት ገንዘብ ከወሩ ደመወዝ ጋር መከፈል የነበረበት በመሆኑ፣ በይሉኝታ ተይዘው እስከ የካቲት መጨረሻ ዝም ካሉ በሕግ የመጠየቅ መብትዎ ያበቃለታል። ይህ ማለት ግን ወዳጅዎን ፍርድ ቤት ያቁሙት ማለት አይደለም። አሠሪው ዕዳውን በግልጽ ካመነ የይርጋው ጊዜ ስለሚቋረጥ፣ ያመሹባቸው ቀናትና ሰዓታት በተዘረዘሩበት ወረቀት ላይ እንዲፈርምልዎ ማድረግ ለጊዜው በቂ ነው፤ ገንዘቡን ካላንደሩ ተሸጦ ሲያልቅ ቢከፍልዎም ይቻላል።

ሒሳቡም ቀላል አይደለም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ደመወዝ በ1.5 ተባዝቶ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው ደግሞ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። ሕጉ የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ስለሚከለክል፣ እርስዎ በአንድ ምሽት የሚሠሩት ስድስት ሰዓት ተኩል ለከፋዩም ቢሆን ከተፈቀደው በላይ ነው። ትርፍ ሰዓት የሚሠራው በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ እንደመሆኑ መጠን፣ «ዛሬ ትንሽ አግዘኝ» ብሎ በስልክ የላከልዎትን መልእክት አያጥፉ፤ በቃል ብቻ ካዘዘዎትም «በነገርከኝ መሠረት ዛሬ አመሻለሁ» ብለው ይጻፉለት።

«ኃላፊ» የሚለው መጠሪያዎ አንድ ክርክር ሊያስነሳ ይችላል፤ ምክንያቱም አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም። ሆኖም የሥራ መሪ የሚባለው ድርጅቱን የሚመለከት ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ሠራተኛ የመቅጠርና የማሰናበት የመሳሰለው ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። ሁለት ዲዛይነሮችን እያስተባበሩ ራስዎም ኮምፒዩተር ላይ የሚውሉ ከሆነ፣ መጠሪያው ብቻውን ከሕጉ ጥበቃ አያስወጣዎትም።

አሁን ወደማይጥምዎ ነገር ልምጣ። ሳያስፈቅዱ እየወጡ እሱ ዝም የሚለው በእርስዎ ዘንድ እንደ ጓደኝነት፣ በእሱ ዘንድ ግን ምናልባት እንደ ክፍያ ተቆጥሮ ይሆናል። አበልጅዎ ክፉ አሠሪ ነው ብዬ አልገምትም፤ ከገበያ የሚያገኘውን ሲያሰላ እርስዎ ያመሹበትን ከወጡበት ጋር አቻችሎ ይሆናል፤ ብዙ አነስተኛ ድርጅቶች የሚሠሩት እንዲህ ነው። ስለዚህ የቀሩባቸውን ሰዓታትም በዚያው ወረቀት ላይ አስፍረው ይሂዱ። የእርስዎን ጎን ብቻ ይዘው ከቀረቡ ውይይቱ ወደ ውለታ ቆጠራ ይዞራል፤ «ሥራ ፈት በነበርክ ጊዜ ማን ደረሰልህ?» ከተባለ በኋላ ደግሞ ስለ ሰዓት መነጋገር አስቸጋሪ ነው። ካሁን በኋላ እንደማንኛውም ሠራተኛ አስፈቅደው ይውጡ። ባልደረቦችዎ የሚያዩትም ይህንን ነውና፣ ጥርጣሬያቸውን በማስረዳት ለማጥፋት አይድከሙ።

ንግግሩን በማኅበር ዝክር ላይ ወይም ልጅዎን ሊጠይቅ ቤትዎ በመጣ ጊዜ አያንሱት፤ ሚስትዎና ሚስቱ ባሉበትም ቢሆን አይሁን። ደንበኛ በማይበዛበት ሰዓት ቢሮው ገብተው፣ በሩን ዘግተው ይጀምሩ። እንደ ልማዳችሁ «አንተ» ይበሉት፤ ድንገት «እርስዎ» ካሉት የተኳረፋችሁ ይመስለዋል። በሠራተኞቹ ፊት ግን አንቱ ማለቱ አይከፋም።

ፊርማውን እምቢ ካለና በቀጣዩ የሥራ ወቅትም ያለ ክፍያ አምሽ ካለዎት፣ ያን ጊዜ መልቀቅዎን እደግፋለሁ። ለዚህም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት አለብዎት፤ ጥር ሳይገባ ቢሰጡት ደግሞ ሌላ ዲዛይነር ለመፈለግ ጊዜ ያገኛል።