ሁለት የሩጫ ቀን በሳይክልና በውሃ ሲተካ

እህቴ፣ ለግማሽ ማራቶን 10 ሳምንት ቀርቶሻል፤ በሳምንት 5 ቀን ትሮጫለሽ፤ ቅልጥምሽን ማመም ስለጀመረሽ ሁለቱን ቀን በሳይክልና በውሃ ልተካ ብለሻል። ጥያቄሽ 8 ኪሎ ሜትር ሩጫ ስንት ኪሎ ሜትር ሳይክል ይሆናል፣ ፍጥነቴስ ይወርዳል ወይ የሚል ነው።

በኪሎ ሜትር አትቁጠሪ። ሳይክል ቁልቁለት ላይ ፔዳል ሳትመቺም ይሄዳል፤ ያ ርቀት ልምምድ አይባልም። በደቂቃ ቁጠሪ፦ 45 ደቂቃ ቀላል ሩጫ መንገድ ላይ ከ60 እስከ 70 ደቂቃ ሳይክል ቢተካው ይበቃል። ጂም ውስጥ በቆመ ሳይክል ማረፊያ ስለሌለ 55 ደቂቃ ያህል ነው። ኤሊፕቲካል (ጂም ውስጥ ቆመሽ እግርሽን ከፔዳሉ ሳታነሺ እንደ ሩጫ የምትረግጪው ማሽን) እና የጥልቅ ውሃ ሩጫ (እግር ወለል ሳይነካ ውሃ ውስጥ መሮጥ) ደቂቃ በደቂቃ ይያዛሉ።

የልብ ምት ሰዓት ካለሽ ቁጥሩ እንዳያሳስትሽ። በተመሳሳይ ድካም ሳይክል ላይ ከሩጫው ከ5 እስከ 10 ምት፣ ውሃ ውስጥ ደግሞ ከ10 እስከ 15 ምት ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው። የሩጫ ቁጥርሽን ውሃ ውስጥ ካሳደድሽ ቀላል የተባለው ቀን ከባድ ይሆንብሻል።

ሳይክል ላይ ሯጮችን የሚጎዳው ማርሽ ማክበድ ነው። ጭኑ ይዝላል፣ በማግስቱ ኢንተርቫሉ (ፈጣንና ቀላል ሩጫ የሚፈራረቅበት ልምምድ) ይበላሻል። ማርሹን አቅልለሽ በደቂቃ ከ85 እስከ 95 ዙር ምቺ፤ ከሩጫ እርምጃ ምት ጋርም ይቀራረባል። ቀኝ ጉልበትሽ በ15 ሰከንድ 22 ጊዜ ያህል ወደ ላይ ከመጣ ልክ ነው። መቀመጫውንም አስተካክዪ፦ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝሽን ብታሳርፊበት እግርሽ ቀጥ ማለት አለበት፤ ከጣቶችሽ ሥር ባለው የውስጥ እግር ስትረግጪ ያኔ ጉልበትሽ ትንሽ ይታጠፋል። ዝቅ ካለ ከጉልበት ፊት ያማል፤ ከፍ ካለ ወገብሽ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል።

ለቅልጥም ግን ከሁሉ የምመርጠው የጥልቅ ውሃ ሩጫን ነው፤ መሬት መርገጥ የለማ! ተንሳፋፊ ቀበቶ ወገብሽ ላይ እሰሪ፣ እግርሽ ወለሉን እንዳይነካ። በጣም ትንሽ ወደ ፊት አዘንብይ፤ ብዙ ካጎነበስሽ ዋና ይሆናል። ጉልበትሽን አንሥተሽ እግርሽን ወደ ታችና ወደ ኋላ ግፊ። እጅሽን ጨበጥ አድርጊ፤ መዳፍ ከተዘረጋ ክንድ ይቀዝፍና እግር ሥራ ይፈታል። በአንድ ፍጥነት 40 ደቂቃ መቆየት አሰልቺ ነው፣ ሳይታወቅም ድካሙ ይወርዳል። ስለዚህ 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ ከዚያ 10 ጊዜ 2 ደቂቃ ጠንከር አድርገሽ በመሃሉ 30 ሰከንድ ቀላል፣ መጨረሻ ላይ 5 ደቂቃ ማቀዝቀዣ። እረፍቱ አጭር የሆነው ውሃ ውስጥ የልብ ምቱ ቶሎ ስለሚወርድ ነው።

ተራ ዋና ለማገገሚያ ጥሩ ነው፤ እግርሽን በኃይል እየመታሽ ባትሽን እንዳታሸማቅቂ ብቻ።

ፍጥነትሽስ? ልብና ሳንባሽ በዚህ መንገድ ብዙም አይጎድልባቸውም። የሚላላው አጥንት፣ ጅማትና ባት የመሬቱን ምት የሚችሉበት አቅም ነው። ስለዚህ ረጅሙን ሩጫና አንዱን የፍጥነት ቀን አትንኪ፤ የሚተኩት ከእነሱ ማግስት ያሉት ሁለቱ ቀላል ቀኖች ናቸው። ይተካሉ ነው ያልኩት፤ የእረፍት ቀን ላይ የሚደረብ ሳይክል ሌላ ጭነት ነው። ሕመሙ ሲጠፋ አንዱን ቀን ብቻ መልሺ፦ 4 ደቂቃ ሩጫ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ፣ 5 ጊዜ። ትንፋሽሽ ጨምሪ ይልሻል፤ አትስሚው፣ ቅልጥምሽ ገና አልደረሰም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሕመሙ በቅልጥምሽ የውስጥ ጠርዝ ላይ ተዘርግቶ የሚሰማሽ ከሆነ ነው። በአንድ ጣት የምትጠቁሚው ነጥብ ላይ ከሆነ፣ ሌሊት ካመመሽ ወይም በአንድ እግር ስትዘዪ ከወጋሽ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሩጫውን ሙሉ በሙሉ አቁመሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ሳይክሉንም ሐኪሙ ሳይፈቅድ አትጀምሪ።