ከካሜራ ቅጂ ውስጥ አንድን ክፍል ለይቶ ማውጣት፦ ፋይሉ ለምን ያብጣል?

ጥያቄ፦ የወንድሜን ሠርግ የቀረጽኩት በእጅ ቪዲዮ ካሜራ ነው። ሜሞሪ ካርዱን ስከፍተው እያንዳንዳቸው ወደ 4 ጊጋባይት የሚጠጉ በርካታ ፋይሎች አገኘሁ። ከነዚህ መካከል አያታችን ሙሽሮቹን የመረቁበትን 3 ደቂቃ ብቻ ለይቼ ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች በቴሌግራም ለመላክ ፈልጌ፣ በኤዲቲንግ ፕሮግራም ቆርጬ ኤክስፖርት ሳደርገው 1.1 ጊጋባይት ሆኖ ወጣ። 24 ደቂቃ ገደማ የያዘው ሙሉ ፋይል 4 ጊጋባይት ከሆነ፣ 3 ደቂቃው እንዴት ከሩቡ ይበልጣል? መጠኑን ልቀንስ ብዬ ደግሜ ባወጣው ደግሞ የአያታችን ፊት ደበዘዘ። ምን ባደርግ ይሻላል?
(ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

መልስ፦ ሒሳቡን በትክክል ይዘውታል። የፋይል መጠን የሚወሰነው በምስሉ ርዝመት ብቻ ሳይሆን በየሰከንዱ በሚመዘገበው የመረጃ ብዛት ነው። ካሜራዎ 24 ደቂቃውን በ4 ጊጋባይት የያዘው በሰከንድ 24 ሜጋቢት ገደማ እየመዘገበ በመሆኑ ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ይህ በሰከንድ 3 ሜጋባይት፣ በ3 ደቂቃ ደግሞ 540 ሜጋባይት ይሆናል። የእርስዎ ቁራጭ 1.1 ጊጋባይት መሆኑ የሚያሳየው ፕሮግራሙ ምስሉን እንደ አዲስ በሰከንድ ወደ 50 ሜጋቢት አድርጎ እንደጻፈው ነው። የተጨመረው ግማሽ ጊጋባይት አንዲት ነጥብ እንኳ የምስል ጥራት አላመጣም፤ ካሜራው ያላየውን ኤክስፖርት ሊፈጥር አይችልምና። ቁጥሩን ዝቅ አድርገው ሲያወጡት ደግሞ አንድ ጊዜ የታመቀው ምስል ሁለተኛ ጊዜ ስለሚታመቅ ፊት ይደበዝዛል። ስለዚህ መፍትሔው ትክክለኛውን የኤክስፖርት ቁጥር መፈለግ አይደለም። ኤክስፖርት የሚባለውን ነገር ጨርሶ መተው ነው።

የሚያስፈልግዎ የተመዘገበውን መረጃ ሳይፈታ እንዳለ ገልብጦ የሚቆርጥ ፕሮግራም ነው። በነጻ ከሚገኙት መካከል ሎስለስከት ለጀማሪ የሚቀለው ይመስለኛል፤ አቪዴመክስም የምስሉና የድምፁ ምርጫ «ኮፒ» ላይ እስከሆነ ድረስ ይኸንኑ ይሠራል። በሎስለስከት ፋይሉን ከፍተው ምርቃቱ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቦታ ምልክት ያደርጉና እንዲቆርጥ ያዝዙታል። ሥራው የሚያልቀው በሰከንዶች ውስጥ ነው። ፍጥነቱ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው፤ የ3 ደቂቃ ቁራጭ ለማውጣት ኮምፒውተርዎ ደቂቃዎች ከፈጀና ማራገቢያው መጮኽ ከጀመረ፣ ምስሉን እየገለበጠ ሳይሆን እንደገና እየሠራው ነው ማለት ነው።

ይህ ዘዴ የሚጠይቀው አንድ መሥዋዕትነት አለ፤ የቁራጩን መጀመሪያ የትም ቦታ ማድረግ አይቻልም። በሜሞሪ ካርድ ላይ የሚቀርጹ ካሜራዎች፣ ሶኒና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ኤቪሲኤችዲ በተባለው ሥርዓት የሚሠሩትን ጨምሮ፣ እያንዳንዱን ምስል በሙሉ አያስቀምጡም። አንድ ሙሉ ምስል ይመዘግቡና፣ ቀጥለው ለሚመጡት በአብዛኛው የተለወጠውን ነገር ብቻ ይጽፋሉ፤ ከዚያ እንደገና ሌላ ሙሉ ምስል ይመጣል። የድሬዳዋ ሰው ነዎትና በባቡር ላስረዳዎ፤ ባቡርን ያለ ጉዳት መለየት የሚቻለው ፉርጎ ከፉርጎ በሚጋጠምበት ቦታ እንጂ በፉርጎው ወገብ ላይ አይደለም። ሙሉው ምስል፣ ማለትም ኪፍሬም፣ የእያንዳንዱ ፉርጎ መነሻ ነው። እንዲህ ባሉ ካሜራዎች አንዱ ኪፍሬም ከሌላው የሚርቀው ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ሰከንድ ስለሆነ፣ መጀመሪያውን ከሚፈልጉት ቦታ ቀድሞ ባለው ኪፍሬም ላይ ቢያደርጉት ምርቃቱ ከመጀመሩ በፊት የአንድ ትንፋሽ ያህል ትርፍ ይገባ ይሆናል እንጂ የሚጎድል ነገር የለም። በሁለት ኪፍሬሞች መካከል ከጀመሩ ግን አንዳንድ ማጫወቻዎች ድምፁን እያሰሙ ምስሉን ለጥቂት ጊዜ ጥቁር ወይም የቆመ ያደርጉታል። የመጨረሻው ጫፍ ያን ያህል አያሳስብም።

ቁራጩን ወደ ስልክ ሲያዛውሩት ምስሉ እየታየ ድምፅ ቢጠፋ አይደንግጡ። የኤቪሲኤችዲ ካሜራዎች ድምፁን አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘግቡት ኤሲ-3 በተባለው ዓይነት ሲሆን፣ ይህንን የማያጫውቱ ስልኮች ብዙ ናቸው። በአቪዴመክስ ምስሉን «ኮፒ» ላይ ትተው ድምፁን ብቻ ኤኤሲ ወደተባለው የድምፅ ዓይነት ይለውጡት። ድምፅ ከጠቅላላው መጠን የሚይዘው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ፋይሉ አያድግም። በሚንቀሳቀስ ነገር ጠርዝ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የሚመስሉ መስመሮች ከታዩም የአቆራረጡ ጥፋት አይደለም፤ ካሜራው እያንዳንዱን ምስል በሁለት ተራ ከፍሎ ስለሚቀርጽ የመጣ ነው። ቪኤልሲን የመሰለ ማጫወቻ ሲያሳይ ያስተካክለዋል። ከፋይሉ ውስጥ ለማስወገድ ግን ምስሉን እንደገና መሥራት ግድ ስለሚሆን፣ እኔ ብሆን አልነካውም።

ቅጂው በየ4 ጊጋባይቱ የሚቆራረጠው ካርዱ የተሰናዳበት ፋት32 የተባለው ሥርዓት ከዚያ የሚበልጥ ፋይል ስለማይቀበል ነው። ምርቃቱ በአንዱ ፋይል ጀምሮ በሌላው የሚያልቅ ከሆነ መጀመሪያ ፋይሎቹን ማገናኘት፣ ከዚያ መቁረጥ ያስፈልጋል። ለማገናኘት ከካሜራው ጋር የመጣው የአምራቹ ፕሮግራም ይሻላል፤ በሌላ ፕሮግራም ሲያያዙ መጋጠሚያው ላይ ድምፁ ለቅጽበት ሊዘል ይችላል። ለዚህም ሲባል ከካርዱ ላይ ነጠላ ፋይሎችን እየመረጡ ከማውጣት ይልቅ ፎልደሩን እንዳለ ወደ ኮምፒውተርዎ ቢገለብጡ ጥሩ ነው፤ ፕሮግራሙ የትኛው ፋይል የየትኛው ተከታይ እንደሆነ የሚያውቀው አብረው ካሉት ትናንሽ ፋይሎች ነው።

በቴሌግራም ሲልኩ ደግሞ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፤ አለዚያ ይህን ሁሉ የደከሙበትን ምስል መልሶ ሊያምቀው ይችላል። ለአንድ ፋይል የሚፈቅደው እስከ 2 ጊጋባይት ስለሆነ 540 ሜጋባይቱ ያለ ችግር ያልፋል።

ጥያቄ፦ የሐረሪዎች በዓል የሆነው ሹዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ፣ ከዓመታት በፊት በሚኒዲቪ ካሴት የቀረጽኩትን በዓል የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል። አንድ ሰው በቢጫ፣ በቀይና በነጭ ገመድ ወደ ኮምፒውተር ገልብጦልኝ ነበር፤ ምስሉ ግን ከካሴቱ ያነሰ ነው። የጭፈራውን ክፍል ብቻ ማውጣትስ ይቻላል?
(ከሐረር፣ ጁገል)

መልስ፦ በሦስቱ ገመዶች ሲገለበጥ በካሴቱ ላይ ያለው ዲጂታል መረጃ መጀመሪያ ወደ አናሎግ ምልክት ይለወጥና ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደገና ይቀረጻል፤ ጥራቱ የወረደው እዚያ ላይ ነው። ካሜራው ፋየርዋየር ወይም «ዲቪ» የሚል ትንሽ መሰኪያ ካለው፣ ካሴቱን በዚያ በኩል ደግመው ያስገልብጡት። አንድ ሰዓት ካሴት 13 ጊጋባይት ገደማ ይይዛልና የሚበቃ ቦታ ያዘጋጁ።

የመቁረጡ ነገር ለእርስዎ ከላይ ካለው ጠያቂ ይልቅ ይቀላል። ዲቪ፣ ማለትም የካሴትዎ የአቀራረጽ ሥርዓት፣ እያንዳንዱን ምስል ለብቻው በሙሉ ስለሚመዘግብ፣ ጭፈራው በሚጀምርበት ምስል ላይ በትክክል መቁረጥ ይችላሉ። ቨርቹዋልደብ በተባለው ነጻ ፕሮግራም የምስሉንም የድምፁንም ምርጫ «ዳይሬክት ስትሪም ኮፒ» ላይ ያድርጉ። የሚወጣው ቁራጭ በደቂቃ ከ220 ሜጋባይት ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከዚያ በብዙ ከበለጠ አንዱ ምርጫ ሳይስተካከል ቀርቷል ማለት ነው። ለጠያቂዎችዎ በስልክ የሚላከውን ትንሽ ቅጂ ከዚህ ቁራጭ ያዘጋጁ፤ የዲቪውን ፋይል ግን አይሰርዙት፣ ካሴቱንም አይጣሉት።