የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ልብ ወለድና መንፈሳዊ ሕይወት

ጥያቄ፦ ልብ ወለድ ማንበብ እወዳለሁ። አብራኝ የምትጸልይ እኅት ግን «ባልሆነ ታሪክ ጊዜሽን ከምታጠፊ መጽሐፍ ቅዱስሽን አንብቢ» ትለኛለች። እውነት ለመናገር፣ እያለቀስሁ አንብቤ መጽሐፉን ስዘጋው የሚቀርልኝ ነገር የለም። ለእምነት የሚጠቅም አነባበብ አለ?

መልስ፦ በጊዜ በኩል እኅትዎ ልክ ናቸው፤ ልብ ወለድ የጸሎትን ሰዓት መሻማት የለበትም። «ያልሆነ ታሪክ» መናቅ ግን አይገባም። ነቢዩ ናታን የኦርዮንን ሚስት የወሰደውን ንጉሥ ዳዊትን ሊገሥጽ ሲላክ ሕግ አልጠቀሰለትም። አንዲት ጠቦት ብቻ ስለነበረችው ድኻና ያቺኑ ነጥቆ ለእንግዳው ስላረዳት ባለጠጋ ተረከለት (2ኛ ሳሙ. 12)። ዳዊት ተቈጥቶ በባለጠጋው ሞት ፈረደ። «ያ ሰው አንተ ነህ» የተባለው ከዚያ በኋላ ነው። ኃጢአቱን በቀጥታ ቢነግሩት ምክንያት ይደረድር ይሆናል፤ በሰው ታሪክ ላይ ግን ሳይጠነቀቅ ፈረደ፣ ፍርዱም በራሱ ላይ ተመለሰ።

ልብ ወለድ ነፍስን የሚጠቅመውም በዚሁ በኩል ነው። እንባ ብቻውን አይበቃም። የቤተ ክርስቲያን አባት አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ፣ በልጅነቱ በሮማዊው ባለቅኔ በቨርጂል ግጥም ውስጥ ለሞተችው ንግሥት ለዲዶ እያለቀሰ ከእግዚአብሔር ርቆ ለሞተው ለራሱ አለማልቀሱን ጽፏል። የእርስዎም ችግር ይኸው ይመስለናል፤ ኀዘኑ ከገጸ ባሕርይዋ አልፎ ወደ እርስዎ ሕይወት አልደረሰም።

እንዲደርስ እንዲህ ያድርጉ። በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ገጽ ያንብቡ፤ እያነበቡ ትምህርት አይፈልጉ፣ ታሪኩ ይውሰድዎ። ምዕራፉ ሲያልቅ መጽሐፉን ይዝጉና ሦስት ነገር ይጻፉ፦ በማን ላይ ፈረድሁ? ለማን ምክንያት ፈለግሁለት? ደራሲው መጨረሻ ላይ ስለዚያ ሰው ምን ገለጠልኝ? ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ያጋልጣል፤ ብዙውን ጊዜ የምናዝንለት የእኛን ድካም ለሚጋራ ሰው ነውና። ቀጥሎ የፈረዱበትን ገጸ ባሕርይ የሚመስል፣ በሕይወትዎ ያለ አንድ ሰው ያስቡና በስሙ ይጸልዩለት። ይህ ከቀረ ንባቡ ስሜት ሆኖ ይቀራል።

አነባበቡን በብዛት የሚያበላሸው ለየገጹ ጥቅስ መፈለግ ነው። ያኔ ገጸ ባሕርያቱ ሰው መሆናቸው ይቀርና የስብከት ምሳሌ ይሆናሉ። ጌታም የጠፋውን ልጅ ታሪክ ሲናገር ታላቁ ወንድም ወደ ግብዣው ይግባ አይግባ ሳይነግረን አቆመው (ሉቃ. 15)። ያንን ክፍት ቦታ ቸኩሎ የሚዘጋ አንባቢ ጥያቄው ለእርሱ እንደቀረበ አያይም። ስለዚህ መጽሐፉን ከጨረሱ በኋላ «ትምህርቱ ይህ ነው» ከማለትዎ በፊት ቢያንስ አንድ ቀን ይቆዩ።

ጥያቄ፦ ክርስቲያናዊ ልብ ወለድ ብቻ ነው የሚነበበው?

መልስ፦ አይደለም። ጳውሎስ በአቴና ከተማ በአርዮስፋጎስ የግሪኩን ባለቅኔ የአራጦስን ግጥም ጠቅሷል (ሐዋ. 17፥28)፤ የቤተ ክርስቲያን አባት ታላቁ ባስልዮስም ወጣቶች የአሕዛብን መጻሕፍት ንብ ከአበባ እንደምትቀስም መርጠው እንዲያነቡ መክሯል። ክፋትን የሚያሳይ መጽሐፍና ክፋትን የሚያስመኝ መጽሐፍ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ኃጢአት የሚያስከፍለውን ዋጋ አይደብቅም። ሁለተኛው ምኞትዎን ቀስቅሶ ጸሎትዎን ከረበሸው፣ መሐል ላይም ቢደርሱ ያቁሙት።

በመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች ላይ የተጻፉ ልብ ወለዶች ግን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ማቴዎስ ስለ ጲላጦስ ሚስት የጻፈው አንድ ቁጥር ብቻ ነው (27፥19)፤ ደራሲ ግን ሙሉ ሕይወት ሊፈጥርላት ይችላል። ከዓመት በኋላ ደራሲው የጨመረውና ወንጌሉ ያለው በአእምሮ ይቀላቀላሉ። ስለዚህ ክፍሉን አስቀድመው ከወንጌል ያንብቡ፤ ልብ ወለዱን ሲጨርሱም ተመልሰው ያንኑ ያንብቡት።