ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ ሞዴሉም ተሸውዷል

አንዲት የድኅረ ምረቃ ተማሪ በ2003 እ.ኤ.አ. አውሮፓን በመታው ድርቅ ወቅት የደኑን ፎቶሲንተሲስ የሚገምት ሞዴል እየሠራች ነው። የሳተላይት የቅጠል መረጃ፣ የፀሐይ ብርሃን፣ ሙቀትና የአየር ድርቀት አስገብታለች። በደኑ ላይ የተተከለው የካርቦን መለኪያ ማማ ፎቶሲንተሲሱ በኦገስት ክፉኛ እንደወረደ ያሳያል። የእሷ ሞዴል ግን ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል። «ኮዱን ደጋግሜ አየሁት፣ ስህተት አጣሁበት» ትላለች።

እህቴ፣ ኮዱን ለጊዜው ተዪው። የጎደለሽ የአፈር ውሃ ይመስለኛል።

ሳተላይቱ የሚያየው አረንጓዴውን ነው። ዛፍ ውሃ ሲያጥረው ወዲያው ቅጠሉን አያረግፍም። መጀመሪያ ስቶማታውን፣ ማለትም የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ውሃ እንዳይወጣ ሲዘጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንደልቡ አይገባም። ከላይ ሲታይ ደኑ ለምለም ነው፣ ሥራው ግን ተቀዛቅዟል። የአየር ድርቀት ብቻውን ይህን ሁሉ አይነግርሽም። ትናንት ዝናብ የጠገበ አፈርና ሁለት ወር ጠብታ ያላየ አፈር በአንድ ዓይነት ደረቅ አየር ሥር እኩል አይደሉም።

እስቲ የማማውን የግማሽ ሰዓት መረጃ አውጪና የአንድ ደረቅ ቀን መስመር ሣይ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ ጥሩ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ፀሐይ ገና እየጠነከረች መውረድ ይጀምራል። ከሰዓት በኋላም ብርሃኑ ያው ሆኖ ወደ ጠዋቱ መጠን አይመለስም። የቀን አማካይ ብቻ የምታዪ ከሆነ ይህ አይታይሽም።

ቀላል የውሃ ሂሳብ ጨምሪ፦ ዝናብ ገቢ፣ ትነት ወጪ፣ አፈሩ ጎተራ። በጎተራው የቀረው ውሃ ሲያንስ የብርሃን አጠቃቀም ብቃቱም፣ ማለትም ቅጠሉ ከተቀበለው ብርሃን የሚያመርተው መጠን፣ አብሮ ይቀንስ። ችግሩ ጥልቀቱ ላይ ነው። የላይኛውን 30 ሳንቲሜትር ብቻ አትውሰጂ፣ የዛፍ ሥር ከዚያ በታች ይወርዳል። ማማው ላይ መውረዱ የጀመረበትን ቀን ያዢ። ሞዴልሽ ቀድሞ ከወረደ ጎተራሽ ጠቧል፣ ዘግይቶ ከወረደ ሰፍቷል። እኔ ከየትኛውም የስታቲስቲክስ ነጥብ ይልቅ ይህን ቀን አምናለሁ።

ወደ ቅጠል ደረጃ ሞዴል ከተሻገርሽ የውሃ እጥረቱን ስቶማታው ላይ ብቻ አታሳርፊው። ድርቁ ሲበረታ የቅጠሉ ውስጣዊ የማምረት አቅምም ይዳከማል።

የተጣራውን ካርቦን፣ ማለትም የገባው ከወጣው ሲቀነስ የሚቀረውን፣ ስትቆጥሪ ደግሞ ትንፈሳን አትርሺ፤ ዕፅዋትና የአፈር ተህዋስያን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሰው የሚለቁበት ሂደት ነው። በዚያ ዓመት የአውሮፓ ፎቶሲንተሲስ በ30 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ፣ አህጉሩም ግማሽ ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን ወደ አየር እንደለቀቀ ተገምቷል። ይህ ሲሆን ግን ትንፈሳው በሙቀቱ ምክንያት አልጨመረም፣ ከፎቶሲንተሲሱ ጋር አብሮ ወረደ። በደረቀ አፈር ውስጥ ጥቃቅን ተህዋስያንም ሥራቸው ይቀንሳል። የትንፈሳ ቀመርሽ በሙቀት ብቻ የሚሄድ ከሆነ ያንኑ የአፈር ውሃ እዚያም አስገቢበት።