ሞተሩ አጠረ ብላችሁ ጀልባውን አትቁረጡት

ጣና ላይ ጀልባ ለምትሠሩ ልጆቼ፣

«ያገኘነው ሞተር አጭር ሆነብን፣ ሞተሩ የሚሰቀልበትን የኋላውን ሳንቃ እንቁረጠው ወይ?» ብላችኋል። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሳችሁብኝ፤ በመጋዝ ዝቅ የተደረገ ሳንቃ ሳይ ዛሬም ሆዴ ይረበሻል።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚጀምረው። 51 ሳንቲሜትር ቁመት ባለው ሳንቃ ላይ ሻፍቱ፣ ማለትም ወደ ውኃ የሚወርደው እግሩ፣ ለ38 ሳንቲሜትር ሳንቃ የተሠራ ሞተር ይሰቀላል። ፕሮፔላው፣ ውኃውን እየገፋ ጀልባውን የሚያስኬደው መዘውር፣ ወደ ውኃው ፊት ስለሚጠጋ አየር ይስባል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው አይገፋም። የውኃ መሳቢያው ወንፊት ብቅ ካለማ ማቀዝቀዣው ይደርቅና የማቀዝቀዣውን ውኃ የምትገፋው የጎማዋ ኢምፔለር ትቃጠላለች። ይኼኔ መጋዝ ይነሳና 13 ሳንቲሜትር ይቆረጣል። ሞተሩ ዳነ፤ ጀልባው ግን ከኋላው በር ተከፈተበት። እየሄደ ሳለ ምንም አይታይም። ጋዙን ድንገት ሲለቁት ግን ሲከተለው የነበረው ማዕበል ይደርስበትና በተቆረጠው በኩል ይገባል፤ ጭነቱ ወደኋላ ካደላ ደግሞ ይብሳል። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሳ የሚሆነውን እናንተው ታውቁታላችሁ።

አትቁረጡ ብያለሁ። የግድ ከሆነባችሁ ግን ከቆረጣችሁት ፊት ለፊት፣ በጀልባው ውስጥ በድሮው ቁመት ሌላ ግድግዳ አቁሙ፤ በመካከሉ የሚገባው ውኃ ወደ ውጭ የሚፈስበት ቀዳዳም ተዉለት።

የዛሬ ልጆች የፈረስ ጉልበቱን ጠይቃችሁ፣ ፎቶ አይታችሁ ትገዛላችሁ። ሜትር መያዝ ምን ይከብዳል? ሞተሩ ከሚንጠለጠልበት ጫፍ፣ መሃል ለመሃል፣ እስከ ጀልባው ሆድ ለኩ፤ 38 አካባቢ ከሆነ አጭሩ፣ 51 ከሆነ ረጅሙ፣ 63 ተኩል ከሆነ ከረጅሙም የሚረዝመው። ሞተሩ ላይ ደግሞ ከመቆንጠጫው የውስጥ ጣሪያ ከፕሮፔላው በላይ እስካለችው ጠፍጣፋ ክንፍ ነው። ክንፏ ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል፣ ቢበዛ 2 ተኩል ሳንቲሜትር ዝቅ ትበል።

ከተጠራጠራችሁ ረጅሙን እመርጣለሁ። ደንጊያ በሚበዛበት ዳርቻ ግን መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው። ረጅሙን ለማንሳት ሳንቃ ስትጨምሩ በአሮጌው አናት ላይ ብቻ አትለጥፉት፤ ከፊትም ከኋላም ደርባችሁ በሚያልፍ ብሎን እሰሩት።

አልጎትት ባለ ቁጥር በሻፍቱ ርዝመት አታሳብቡ። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ሞተር ጉልበት ይቀንሳል። አየር የሳበ ሞተር ዙሩ ድንገት ይወነጨፋል፤ ከፍታ ያደከመው ግን እስከ መጨረሻው ተከፍቶም ዙሩ አይሞላም፤ መድኃኒቱም ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው ርቀት፣ ያነሰ ፕሮፔላ ነው። ስትሞክሩት ሙሉ ጭነት ይዛችሁ ጀልባውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እጠፉት። በቀጥታ መንገድ ደህና ሆኖ ሲታጠፍ ብቻ ከጮኸ፣ ሞተሩን 1 ወይም 2 ሳንቲሜትር ዝቅ አድርጉት።